ከእግራችን ሥር ያለው ጎማ

ለዛሬው ውይይታችን መነሻ የሆነን ከሦስት እህትማማቾች የደረሰን ደብዳቤ ነው። እህቶቻችን በዕቁብ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሠፈራቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ እናቶችና ወጣት ሴቶች ለብቻቸው ሆነው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚሠሩበት ቦታ ለመክፈት ተነሥተዋል። የመሮጫ ማሽን፣ የብስክሌት ማሽን፣ ጥቂት ደምቤሎችና አንድ ባለ ረጅም ዘንግ የክብደት ብረት ገዝተዋል። የቀራቸው ወለሉ ነው። «አንዱ ነጋዴ የጎማ ምንጣፍ ሁሉም አንድ ነው፣ ዝም ብላችሁ ወፍራሙን ውሰዱ ይለናል። ሌላው ደግሞ ጎማ ምን ያደርግላችኋል፣ ስፖንጁ በርካሽ ይበቃችኋል ይለናል። ገንዘባችን አንዴ ከወጣ የማይመለስ ነው፤ ማንን እንስማ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የሦስቱ እህቶች ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን በየመንደሩ የስፖርት ቤት እየተከፈተ ነው፤ በመኖሪያ ቤታቸው አንዲት ጥግ ለይተው የሚሠሩ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብለን ሰፋ አድርገን አቅርበነዋል።

ወለሉ ምን ሥራ አለው?

ስለ ስፖርት ክፍል ስናስብ አብዛኞቻችን ዓይናችን የሚያርፈው ማሽኑ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ፣ ማሽኑን ቢነካም ባይነካም፣ ወለሉን መርገጡ አይቀርም። ሴራሚክ ላብ ሲንጠባጠብበት ያንሸራትታል፤ ደምቤል ሲወድቅበትም ይሰነጠቃል። ሊሾ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ብረት ደጋግሞ ሲያርፍበት እየተፈረፈረ አቧራ ያወጣል። ጣውላ ለዝላይና ለመዞር የሚመች ሆኖ ሳለ ብረት ያጎደጉደዋል።

ጎማ በእነዚህ ላይ ሲነጠፍ አራት ነገር ይሠራል። እግርን ይይዛል፣ ምትን ያበርዳል፣ ከሥሩ ያለውን ወለልና ከላዩ ያለውን ማሽን ይጠብቃል፣ ድምፅንም ይቀንሳል። የማይሠራውንም አብረን ማወቅ ይገባናል። የታመመ ጉልበትን አያድንም፤ ተገቢ ጫማንም አይተካም። ከከፍታ ለሚወድቅ ሰውም ፍራሽ አይሆንም። በመሆኑም በግድግዳ ላይ መንጠልጠያ ብረት የሚተክሉ ሰዎች አንድና ሁለት ሳንቲ ሜትር ጎማ ከሥሩ አንጥፈው «ልጆቹ ቢወድቁም አይጎዱም» ብለው መዘናጋት የለባቸውም። ለዚያ የሚሆነው እጅግ ወፍራም የሆነ የመውደቂያ ፍራሽ ነው።

ይህ ጎማ ከየት መጣ?

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሲሆን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። የስፖርት ወለል ጎማም በአብዛኛው የዚያው የበረባሶ ዘመድ ነው። ያረጁ የመኪና ጎማዎች ይፈጫሉ፤ በውስጣቸው ያለው የብረት ሽቦና የጨርቅ ክር ይወጣል። የቀረው ደቃቅ ጎማ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ማጣበቂያ ጋር ተለውሶ በቅርጽ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ሲጠነክርም በሚፈለገው ውፍረት ይቆረጣል ወይም ይላጣል። በጥቁሩ መካከል የምናያቸው ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ግራጫ ነጠብጣቦች ኢፒዲኤም ከሚባል ሌላ ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠሩ ናቸው። ነጠብጣቡ ለዓይን ያምራል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ ለጥንካሬ ግን ይህ ነው የሚባል ፋይዳ የለውም። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ጥቁሩ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ደቃቁ ጎማ በማጣበቂያ ሳይሆን በሙቀትና በግፊት ተዋሕዶ አንድ ወጥ የሆነ ነው። ይህ ይበልጥ ድፍን ስለሆነ ውኃና ላብ አያስገባም፤ በውጭ አገር በፈረስ ጋጣ ወለል ላይም ይነጠፋል። ክብደቱ ግን ብዙ ነው፤ ሽታውም ሊያይል ይችላል።

ሦስተኛው፣ ነጋዴው «በርካሽ ይበቃችኋል» ያለው፣ ጎማ አይደለም። ኢቫ የሚባል በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው። የልጆች ፊደልና ቁጥር ተቆርጦ የሚገጠምበት ምንጣፍ ከዚህ የሚሠራ ነው። በእጅ ሲያነሡት ቀላል ስለሆነ ወዲያውኑ ይለያል። ተኝቶና ተንበርክኮ ለሚሠራ እንቅስቃሴ፣ ለመሳሳብና ለሕፃናት መጫወቻ ጥሩ ነው። የመሮጫ ማሽን እግር ሲያርፍበት ግን ይጨፈለቃል፤ ተመልሶም አይነሣም። ከሁሉ የከፋው፣ ክብደት ተሸክሞ የቆመ ሰው ስፖንጅ ላይ ሚዛኑን ይስታል፣ ቁርጭምጭሚቱም ይዋልላል። ስለዚህ ሁለተኛው ነጋዴ ለመሳሳቢያው ጥግ እውነት ተናግሯል፤ ለብረቱ ግን አልተናገረም።

ስለ ውፍረት

የመጀመሪያው ነጋዴ ደግሞ «ሁሉም አንድ ነው» ማለቱ ልክ አይደለም። ውፍረት የሚመረጠው በላዩ በሚሠራው ሥራ ነው።

1ኛ/ ለቀላል እንቅስቃሴ፣ ማለትም ገመድ ለመዝለል፣ ቁጭ ብድግ ለመሥራትና በቀላል ደምቤል ለመለማመድ 6 ሚሊ ሜትር በቂ ነው።

2ኛ/ ማሽኖች ለሚቆሙበትና መካከለኛ ክብደት ለሚነሣበት ክፍል ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይመከራል። አብዛኛው የስፖርት ቤት በዚህ ይሸፈናል።

3ኛ/ ከባድ ደምቤልና የክብደት ብረት መሬት ላይ ለሚቀመጥበት ቦታ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል።

4ኛ/ ክብደቱ ከወገብ ወይም ከራስ በላይ ተነሥቶ የሚለቀቅ ከሆነ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ወይም ከጣውላና ከጎማ የተሠራ ልዩ መድረክ ይሻላል። በዓለም አቀፍ የክብደት ማንሳት ውድድር የመድረኩ ስፋት 4 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ለመለማመጃ ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

ወፍራም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ወፍራም የሆነው ዋጋውና ክብደቱ ከመብዛቱም ሌላ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። በራችሁ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ለኩ።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ እናንሣ። ጎማ እግርን አጥብቆ መያዙ ጥቅም ቢሆንም በሙዚቃ ምት ወይም በቆጠራ እየተሽከረከሩ ለሚሠሩት እንቅስቃሴ ችግር ሊሆን ይችላል። ጫማው ወለሉ ላይ ተይዞ ሳለ ገላ ሲዞር ጠመዝማዛው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። በተለይ ከወሊድ በኋላ ወደ እንቅስቃሴ ለሚመለሱና ዕድሜያቸው ለገፋ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ገጹ ለስለስ ያለ ጎማ ይመረጥ፤ አሠልጣኟም እግር ተነሥቶ እንጂ ተጎትቶ እንዳይዞር ታስተምር።

ጥቅል ወይስ ቁራጭ?

ጎማው በሦስት መልክ ይሸጣል። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 1.2 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሆኖ በፈለጉት ርዝመት ይቆረጣል። መገጣጠሚያው ጥቂት ስለሆነ ለሰፊ ክፍል ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ ተሸክሞ ማስገባቱ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። ጥርስ ያለው ተጠላላፊ ቁራጭ ያለ ማጣበቂያ ይገጠማል፤ ቤት ለሚለቅ ተከራይ ነቅሎ ለመሄድ ይመቻል። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወፍራም ቁራጭ ደግሞ ለክብደት ጥግ የሚሆን ነው፤ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። እህቶቻችን በጻፉልን መሠረት ትልቁ ክፍል 5 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው፤ 17.5 ሜትር ካሬ ማለት ነው። ባለ 1.2 ሜትር ወርድ ጥቅል በክፍሉ ርዝመት ቢነጠፍ ሦስት ባለ 5 ሜትር ቁራጮች ይበቃሉ፤ የሚገዛው 18 ሜትር ካሬ ይሆናል። በአጭሩ በኩል ቢነጠፍ ግን አምስት ባለ 3.5 ሜትር ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ ይህም 21 ሜትር ካሬ ነው። አቅጣጫ በመቀየር ብቻ የ3 ሜትር ካሬ ዋጋ ይተርፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሱቅ ከመሄድ በፊት ክፍሉን በወረቀት ላይ መሳል ይህን ያህል ይጠቅማል።

ትንሹ ክፍል 3 ሜትር በ3.5 ሜትር፣ ማለትም 10.5 ሜትር ካሬ ነው። እኛ የምንመክረው ትልቁን ክፍል በ8 ሚሊ ሜትር ጥቅል መሸፈን፣ በትንሹ ክፍል 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የክብደት ጥግ ለይቶ በ20 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ማንጠፍ፣ የቀረውንም በ8 ሚሊ ሜትር መጨረስ ነው። ለክብደቱ ጥግ 16 ቁራጭ ይበቃል።

የጎማውን ክብደት ለመገመት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሜትር ካሬ ጎማ በየ1 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 1 ኪሎ ግራም ግድም ይመዝናል። ሁለቱንም ክፍል በ20 ሚሊ ሜትር ብንሸፍን 560 ኪሎ ያህል ጎማ እንገዛለን፤ ከላይ በመከርነው መንገድ ግን 280 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ዋጋው በአብዛኛው ከጎማው መጠን ጋር ስለሚሄድ፣ «ወፍራሙን ውሰዱ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ በሚገናኙበት ቦታ ግን የ12 ሚሊ ሜትር ደረጃ ይፈጠራል፤ ሰው እንዳይደናቀፍ ተዳፋት ያለው የጎማ ጠርዝ መግጠም ግዴታ ነው።

ስለ ሽታውና ስለ ጤና

ብዙ እናቶች «ሽታው ልጆቼን ይጎዳብኝ ይሆን?» ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሲያጠነክረው በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድም የማይሰነጠቅ ሆነለት። የዛሬውም ጎማ የሚጠነክረው በዚሁ መንገድ ነው፤ የምናውቀው የጎማ ሽታም በከፊል ከድኝና ለማጠንከሪያ ከሚጨመሩ ኬሚካሎች የሚመጣ ነው። ሽታው ሙቀት ሲያገኝ ይበረታል፤ አየር ሲያገኝ ደግሞ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ጎማ ከመነጠፉ በፊት ለጥቂት ቀናት በጥላ ሥር ተዘርግቶ ንፋስ ይምታው፤ ክፍሉም መስኮት ያለውና የሚከፈት ይሁን። መስኮት የሌለውን ክፍል በጎማ መሸፈን አንመክርም፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው የሚሠራ ከሆነ።

የመኪና ጎማ ፍጭ ውስጥ ጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ ኬሚካሎች መኖራቸው የታወቀ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሰው ሠራሽ ሣር ሜዳዎች ላይ የሚበተነውን የጎማ ፍጭ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2024 ባወጣቸው ዘገባዎች፣ ኬሚካሎቹ ቢኖሩም ወደ አየርና ወደ ሰው አካል የሚደርሰው መጠን ውስን መሆኑን ገልጿል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከቆዳ ጋር ለሚነካኩ የጎማና የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ የስፖርት ዕቃን ጨምሮ፣ ካንሰር ያመጣሉ ለሚባሉ ስምንት ኬሚካሎች ለእያንዳንዳቸው በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም የሚል ጣሪያ ካበጀ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ለሕፃናት መጫወቻ ጣሪያው የዚህ ግማሽ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ምክር ይህ ነው። አስመጪው የፍተሻ ወረቀት ካለው ጠይቁ። ጨቅላ ሕፃን በባዶው ጎማ ላይ አይዳህ፤ የሚበጣጠስ ፍርፋሪም ወደ አፉ እንዳያስገባ ተጠንቀቁ። ተኝቶ የሚሠራ ሰው የራሱን ንጹሕ ምንጣፍ ወይም ፎጣ ያንጥፍ።

ከጎማው በታች

ብዙ ሰው የሚከስረው በጎማው ሳይሆን ከሥሩ ባለው ነው። ምድር ቤት ያለ ሲሚንቶ እርጥበት ከመሬት ይስባል፤ በክረምትማ ይብሳል። በላዩ ጎማ ሲደፋበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ይሻግታል፤ ማጣበቂያውም ይለቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው። 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፌስታል ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት፤ ቢያንስ 16 ሰዓት አቆዩት። ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ጎማ አይነጠፍ። አዲስ የተሞላ ሲሚንቶ ከሆነም አትቸኩሉ፤ ለየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ ውፍረት አንድ ወር ያህል እንዲደርቅ መተው በግንበኞች ዘንድ የተለመደ ግምት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ጎማ አለማንጠፍ ነው። ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመሩበት መከላከያ ኬሚካሎች ወደ ፕላስቲኩ ይሰርጉና ቡናማ እድፍ ይተዋሉ፤ እድፉ በምንም ሳሙና አይለቅም። ተከራይ የሆነ ሰው በዚህ የተነሣ ከአከራዩ ጋር ሊጣላ ይችላልና አስቀድሞ ይነጋገር። ተከራይ ወለሉ ላይ በማስቲሽ ባያጣብቅም ይመረጣል፤ በጠርዙ በኩል ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ይበቃዋል፤ ወፍራሙ ቁራጭ ደግሞ በራሱ ክብደት ይቀመጣል።

ከታች ጎረቤት ካለ

በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለምትኖሩ አንድ ቃል እንጨምር። ጎማ የእርምጃንና የዝላይን ድምፅ ያለዝባል እንጂ አያጠፋም። የሚለቀቅ ክብደት ምቱ በጎማው አልፎ ወደ ወለሉ፣ ከዚያም ወደ ታች ጎረቤት ጣሪያ ይደርሳል። የጎረቤት ሐቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ፎቅ ላይ ክብደት በእርጋታ ይቀመጥ እንጂ አይጣል፤ ገመድ ዝላይና ሩጫም ሰው በሚተኛበት ሰዓት አይሁን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወርዶ ጎረቤትን «ይሰማችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ጎማ የበለጠ ያስማማል።

አነጣጠፍና አያያዝ

ጎማው በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ተዘርግቶ ይቆይ፤ ተጠቅልሎ የመጣው ይፍታታ። በግድግዳው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ጎማ በሙቀት ስለሚለጠጥ ቦታ ካጣ ይነሣል። ሲቆረጥ ስለታም ቢላዋና ቀጥ ያለ ብረት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ለመበጠስ ከመታገል ይልቅ በሳሙና ውኃ እያራሱ ደጋግሞ መቁረጥ ይቀላል።

ለጽዳት መጥረግና ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በተጨመቀ መወልወያ መወልወል ይበቃል። በማጣበቂያ የተሠራው ጎማ ቀዳዳ ስላለው ውኃ አይደፋበት። በረኪና፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና የወለል ሰም አይንኩት፤ የመጀመሪያዎቹ ጎማውን ይበሉታል፣ ሰሙ ደግሞ ያንሸራትታል። የሚያቃጥል ፀሐይ በየቀኑ የሚያርፍበት ከሆነ መጋረጃ አድርጉ። ከስፖርት በኋላ እዚያው ተቀምጦ ቡና ማፍላት ለሚያምራቸውም፣ የከሰል ማንደጃና የዕጣን ማጨሻ ጎማው ላይ አይቀመጥ፤ ጎማ ከተያያዘ በጥቁር ጢስ ሰው ያፍናል።

ሱቅ ስትደርሱ

ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ፈትኑ። መጀመሪያ ቁራጩን መዝኑ። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 20 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጎማ 5 ኪሎ ግድም መሆን አለበት፤ ከዚህ በጣም ካነሰ ልልና ቶሎ የሚፈረፈር ነው። ቀጥሎ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈልፍሉት፤ ፍሬው እየተነቀለ ከመጣ ማጣበቂያው አንሷል። በመጨረሻ በነጭ እርጥብ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሹት፤ ጨርቁ ደጋግሞ ከጠቆረ የደንበኞቻችሁን ልብስና እግርም ያጠቁራል። ከአሮጌ ጎማ በእጅ ተቆርጦ ሽቦው የሚታየውን ግን ለግቢ መርገጫ ካልሆነ በቀር ለስፖርት አትግዙ።

እህቶቻችን፣ ሁለቱም ነጋዴዎች የየራሳቸውን ዕቃ መሸጣቸው ነው፤ አንፈርድባቸውም። እናንተ ግን ሜትራችሁን፣ ነጭ ጨርቃችሁንና ሚዛናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።